ለቀብር ተደራጅተናል፤ ለመጦርስ?

ጎንደር ውስጥ ሰው ሲሞት ምን እንደሚደረግ የማያውቅ የለም። የእድሩ ለፋፊ ሰፈሩን ይዞራል፣ ድንኳኑ ይተከላል፣ ወንበሩና ድስቱ ከእድሩ ዕቃ ቤት ይወጣል። መቃብር የሚያስቆፍረው፣ ንፍሮ የሚቀቅለው፣ ከሐዘንተኛው ጋር የሚያድረው ማን እንደሆነ የታወቀ ነው፤ ለቤተሰቡ የሚሰጠው ገንዘብም በመተዳደሪያ ደንቡ ሰፍሯል። ይኸው ሰው ከመሞቱ በፊት አምስት ወይም ስምንት ዓመት የአልጋ ቁራኛ ሆኖ ቢቆይ ግን ማን እንደሚያገላብጠው፣ ማን እንደሚያጥበው፣ ሌሊት ማን እንደሚነሣለት የሚደነግግ ጽሑፍ በእድሩም፣ በቀበሌውም፣ በአብዛኛው ቤተሰብ ዘንድም አይገኝም። ለጥቂት ቀናት ሐዘን ዝርዝር ሥርዓት ያበጀ ማኅበረሰብ ለዓመታቱ መጦር ያለው መልስ «ልጆች አሉት አይደል?» የሚል ብቻ ነው። የዚህ ጽሑፍ መነሻ ሐሳብ የጥያቄው አጀማመር ራሱ ይለወጥ የሚል ነው፤ «ማን ይጡር?» ከመባሉ በፊት ሥራው ምንድን ነው፣ በቀን ስንት ሰዓት ይወስዳል፣ ስንት ብርስ ይፈጃል ተብሎ መቆጠር አለበት።

ሥራው ሲቆጠር

ስለ እንክብካቤ ሲነሣ ቀድሞ የሚታሰበው ሐኪምና መድኃኒት ነው። የረጅም ጊዜ እንክብካቤ አብዛኛው ክፍል ግን ሰው ጤነኛ ሳለ ልብ ሳይለው የሚያከናውነው የዕለት ተግባር ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ሲድኒ ካትዝና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1963 ያወጡትና እስካሁን በብዙ አገሮች የሚሠራበት መለኪያ ስድስት ነገሮችን ብቻ ይጠይቃል፦ ሰውየው ራሱን ችሎ ይታጠባል ወይ፣ ይለብሳል ወይ፣ መጸዳጃ ቤት ገብቶ ይወጣል ወይ፣ ከአልጋ ወደ ወንበር ይዛወራል ወይ፣ ሽንቱንና ዐይነ ምድሩን ይቆጣጠራል ወይ፣ የቀረበለትንስ ምግብ ራሱ ይጎርሳል ወይ። መለኪያው የበሽታውን ስም አለመጠየቁ ዋና ጥቅሙ ነው፤ ምክንያቱም ሁለት ሰዎች በአንድ ዓይነት ስትሮክ (ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ሲቋረጥ ወይም አንጎል ውስጥ ሲፈስ የሚመጣ ሕመም) ተመተው አንደኛው በከዘራ እየተደገፈ ቅዳሴ ሊያስቀድስ፣ ሌላኛው ውኃ እንኳ ያለ ሰው እጅ መጠጣት ሊያቅተው ይችላል። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1995፣ ጃፓን ደግሞ በ2000 የእንክብካቤ መድን ሲያቋቁሙ ድጋፉን የመደቡት በዚሁ መንገድ፣ ሰውየው ምን ያህል የሌላ ሰው እጅ እንደሚያስፈልገው በመመዘን ነው። እኛ እንዲህ ያለ መድን የለንም፤ ምዘናውን ቤታችን ተቀምጠን ለመሥራት ግን ወረቀትና እስክርቢቶ በቂ ነው።

ከስድስቱ በአብዛኛው የወደቀ ሰው ያለበት ቤት ውስጥ አንድ ቀን ምን ይመስላል? መንቀሳቀስ የማይችል ሰው በአንድ ጎኑ ብዙ ከቆየ ቂጡ፣ ዳሌውና ተረከዙ ላይ ደም በአግባቡ ስለማይደርስ ቆዳው ይሞታል፤ የአልጋ ቁስል የሚባለው ይህ ነው። እንዳይመጣ ሕመምተኛውን በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥ፣ አንሶላውን ደረቅ ማድረግ፣ ቆዳውን በየቀኑ ማየት ያስፈልጋል። በየ2 ሰዓቱ ማለት በቀን አሥራ ሁለት ጊዜ ማለት ነው፤ ከእነዚህ ውስጥ አራቱ ወይም አምስቱ ሌላው ቤተሰብ በሚተኛበት ሰዓት ላይ ይውላሉ። መመገብም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ስትሮክ የመዋጥ አቅምን ሊያዳክም ስለሚችል ሕመምተኛው ቀና ብሎ ተቀምጦ፣ በትንሽ በትንሹ፣ የመጀመሪያውን መዋጡ እየታየ መጉረስ አለበት፤ ከበላ በኋላም ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይጋደም ቢቆይ ይመረጣል። (ጠያቂ ዘመድ በፍቅር የሚያጎርሰው ትልቅ ጉርሻ ለእንዲህ ያለው ሰው አደጋ መሆኑን በትሕትና መናገር አስታማሚ ከሚከብዳት ነገር አንዱ ነው። ትን ያለው ምግብ ሳንባ ገብቶ የሳንባ ምች ያስከትላል።)

በጎንደር ደግሞ ውኃ ይጨመራል። የአንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ፣ ከተማውም እየሰፋ በመሄዱ የቧንቧ ውኃ በፈረቃ የሚደርሳቸው ሰፈሮች ብዙ ናቸው። ሽንቱን የማይቆጣጠር ሰው ያለበት ቤት የሚታጠበው አንሶላና ልብስ በየቀኑ ነው፤ ውኃው ግን በየቀኑ አይመጣም። በጀሪካን የሚቀዳ፣ በባጃጅ የሚጓጓዝ ውኃ እንደ መድኃኒቱ ሁሉ የእንክብካቤ ወጪ ነው፤ ነገር ግን ማንም በዚህ ስም አይመዘግበውም።

ይህ ሁሉ ተደምሮ ሲታይ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም፣ የሁለት ሰው ያህል ነው። በተግባር የሚሠራው ግን አንድ ሰው ነው፤ እሱም በአብዛኛው ያላገባች ሴት ልጅ፣ ምራት ወይም ራሷ በዕድሜ የገፋች ሚስት ናት። ሰው በማንሣት ወገቧን ታማለች፣ እንቅልፍ አታገኝም፣ ደመወዝ የሚከፈልበትን ሥራዋን ትተዋለች፤ ዘመድ ሲሰበሰብ ግን «አንቺማ ቤት ነሽ» ትባላለች።

ለምን አሁን ከበደ

ልጅ ወላጁን መጦሩ አዲስ ነገር አይደለም፤ የተለወጠው መጠኑ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የአንድ ኢትዮጵያዊ አማካይ የዕድሜ ጣሪያ ከ50 ዓመት በታች ነበር፣ አሁን ከ65 አልፏል። በአንጻሩ በአማራ ክልል አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልዳቸው ልጆች አማካይ ቁጥር በ1992ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 5.9፣ በ2008ቱ ደግሞ 3.7 ሆኖ ተገኝቷል። ተጧሪው ረዘም ላለ ጊዜ ይኖራል፣ ጧሪው ቁጥሩ ይቀንሳል። የሚያስተኛው በሽታም ተለውጧል። ቀድሞ ሰውን በቀናት ውስጥ የሚወስዱ ተላላፊ በሽታዎች ጎልተው የታዩ ሲሆን አሁን የደም ግፊት፣ ስኳር፣ ስትሮክ፣ የመርሳት በሽታና የመኪና አደጋ ብዙ ሰው ሳይገድሉ ለዓመታት የሰው እጅ ጠባቂ ያደርጋሉ።

ልጆቹም ከተማው ውስጥ የሉም። አንዱ አዲስ አበባ ነው፣ አንዱ ባሕር ዳር፣ ሌላው በመተማ በኩል የወጣ ነው፣ ቀሪዋ ዋሽንግተን ወይም እስራኤል አለች። ከውጭ የሚላከው ገንዘብ የብዙ አረጋውያንን ቤት እንዳቆመ ማንም አይክድም። ገንዘቡ ግን አያገላብጥም፤ የሚያገላብጥ ሰው መቅጠሪያ ሊሆን የሚችለው ተቀጣሪው ሲገኝና ሥራውን ሲያውቅ ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ የቀጠለው ግጭት ደግሞ ሌላ ጭነት አምጥቷል። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ከደንቢያ፣ ከወገራ ወይም ከበለሳ ወላጁን ሊጠይቅ የሚመጣ ልጅ ይቀራል፣ ከገጠር ወደ ሆስፒታል የሚላክ ሕመምተኛ ይዘገያል፤ በግጭቱ አካላቸው የጎደለ ወጣቶችም ለቀጣዮቹ አርባና ሃምሳ ዓመታት ድጋፍ ፈላጊ ሆነው ተጨምረዋል።

የድሮው አሠራር ምን ነበረው?

ያለፈውን ማሳመር ቀላል ስለሆነ በጥንቃቄ ማየት ይሻላል። በአርባ አራቱ ታቦት ከተማ ውስጥ ባሏ የሞተባት አሮጊት ቆብ ደፍታ በቤተ ክርስቲያን አካባቢ በምትሠራ ትንሽ ጎጆ መኖሯ፣ ከሰንበቴውና ከዝክሩ እየተመገበች፣ በጎረቤት መነኮሳት እየተጠየቀች ዕድሜዋን መጨረሷ የኖረ ሥርዓት ነው። በአዲስ ዓለም አካባቢ ባለው የሙስሊም ማኅበረሰብ ደግሞ ዘካና ጎረቤታማነት ተመሳሳይ ሸክም ተሸክመዋል። በገጠሩ መሬት ያላቸው አረጋዊ መሬታቸውን ለእኩል አራሽ ሰጥተው በምርቱ ይኖራሉ፤ በስተመጨረሻም የጦራቸውን ሰው በኑዛዜ ወይም በስጦታ ከሌሎቹ አስበልጠው ያስባሉ።

ከዚህ አሠራር ውስጥ ዛሬም የሚጠቅመን አንድ ነገር ልውውጡ ግልጽ መሆኑ ነው። ጧሪው ምን እንደሚያደርግ፣ ምን እንደሚያገኝ ሽማግሌ ባለበት ይነገር ነበር። በከተማው ግን ነገሩ ታፍኗል። አሥር ዓመት ያስታመመች ልጅ በውርስ ክፍፍል ቀን ማስታመሙን ከማያውቁት ወንድሞቿ ጋር እኩል ድርሻ ትወስዳለች፤ ብዙ ጊዜም ወላጆቿ ይኖሩበት ከነበረው ቤት ትወጣለች። ቤቱ የቀበሌ ቤት ከሆነ ደግሞ የሚወረስ ነገር ስለሌለ ከነጭራሹ ባዶ እጇን ትቀራለች። በቤተሰብ መካከል ለዓመታት የሚዘልቅ ቂም ምንጩ ብዙ ጊዜ ይህ ነው፣ ሰው «በንብረት ተጣሉ» ብሎ ያልፈዋል እንጂ።

ሕጉ እስከ የት ይደርሳል

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት የገንዘብ አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች፣ ለአረጋውያንና ያለ ወላጅ ለቀሩ ሕፃናት እንክብካቤ እንዲያደርግ ይደነግጋል። «አቅም በፈቀደ መጠን» የምትለዋ ሐረግ ብዙ ነገር ታስቀራለች። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ ስምምነቱም አካል ጉዳተኛ የት፣ ከማን ጋር እንደሚኖር የመምረጥ መብት እንዳለው ያረጋግጣል። የቤተሰብ ሕጉ ደግሞ በወላጅና በልጅ፣ በወንድምና በእኅት መካከል ችግር ላይ ለወደቀው ቀለብ የመስጠት ግዴታን ይጥላል፤ ግዴታውም ምግብን ብቻ ሳይሆን መጠለያን፣ ልብስንና ጤናንም ይጨምራል። አንድ አባት ልጃቸውን ከስሰው ቀለብ ሊያስቆርጡ ይችላሉ ማለት ነው። ለዚህ ፍርድ ቤት የሚሄድ ወላጅ ጥቂት መሆኑ አያስገርምም፤ ፍርድ ቤትም ቢሆን ገንዘብ ያስከፍላል እንጂ ሌሊት የሚነሣ ሰው አያዝዝም።

የ2011ዱን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ማየት የዘመኑን አስተሳሰብ ለመረዳት ይበቃል። ሠራተኛው ወላጁ ሲሞት ከደመወዝ ጋር የ3 ቀን ፈቃድ አለው። ወላጁ በሕይወት ሳለ ለማስታመም ግን በተለይ የተቀመጠ ከደመወዝ ጋር የሚሰጥ ፈቃድ የለም፤ ለከባድ ችግር የሚፈቀደው እስከ 5 ተከታታይ ቀናት የሚደርስ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ነው። እድሩና አዋጁ ሳይማከሩ በአንድ ሐሳብ ተስማምተዋል።

ጡረታውም ጠባብ ነው። የዕድሜ ጡረታ የሚያገኘው 60 ዓመት የሞላውና ቢያንስ 10 ዓመት በመደበኛ ሥራ ያገለገለ ሰው ሲሆን፣ ቅዳሜ ገበያ ላይ በርበሬ ስትሸጥ የኖረች እናት፣ ሸማኔ፣ ገበሬ ወይም ግንበኛ ከዚህ ውጭ ነው። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ከተጀመረባቸው አራት ክልሎች አንዱ አማራ ነበር፤ ለብዙ ቤተሰብም በሆስፒታል በር ላይ ዕቃ ከመሸጥ አድኖታል። ሆኖም የሚሸፍነው ጤና ተቋም ውስጥ የሚሰጠውን አገልግሎት ነው፤ ዳይፐር፣ የመጸዳጃ ወንበርና ቤት ድረስ መጥቶ የሚረዳ ሰው በእሱ አይገኝም። የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት መሥራት ለማይችሉ በጣም ድሆች የሚሰጠው የቀጥታ ድጋፍም እጅግ የሚያስፈልግ ቢሆንም ለዕለት ኑሮ የሚሆን የገንዘብ ድጎማ ነው።

ተቀጥራ የምታስታምመው

አቅም ያለው ቤተሰብ የሚወስደው መፍትሔ የቤት ሠራተኛ መቅጠር ነው። ብዙ ጊዜ ከገጠር የመጣች ወጣት ናት፤ እንጀራ ልትጋግርና ቡና ልታፈላ ተቀጥራ በሦስተኛው ቀን አንድ ትልቅ ሰው አንሥታ እንድታጥብ ትጠየቃለች። ማንም እንዴት እንደሚነሣ አላሳያትም፤ የአልጋ ቁስል ምን እንደሚመስል አታውቅም፤ የሽንት ቱቦው (ካቴተር) ሲደፈን ምን እንደሚደረግ አልተነገራትም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የቤት ውስጥ የግል አገልግሎትን ስለማይመለከት የሥራ ሰዓቷና የዕረፍት ቀኗ በአሠሪዋ ደግነት ላይ የተንጠለጠለ ነው። በሁለተኛው ወር ጥላ ስትሄድ «የዛሬ ልጅ ሥራ አይወድም» ይባላል። እኔ ግን የሌሊት ሥራ ያለ ሌሊት ክፍያ ጥሎ መሄድ የሚያስወቅስ አይመስለኝም። ሁለቱን ሥራዎች ለይቶ መቅጠር፣ ካልተቻለም የማስታመሙን ክፍያ ለይቶ መጨመር፣ በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን ማሳረፍ፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ ሕመምተኛው ከሆስፒታል ሳይወጣ እሷን እዚያው ወስዶ ነርሶቹ እንዲያሳዩአት ማድረግ ቤተሰቡን በገንዘብም ያተርፈዋል።

ቤቱና መንገዱ

ጎንደር በኮረብታ ላይ የተሠራች ከተማ ናት። ከፒያሳ በየአቅጣጫው ቁልቁለት ነው፤ ኮብልስቶኑም ቢሆን ለዊልቸር ጎማ ምቹ አይደለም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች አካል ጉዳተኞች የሚገቡባቸውና የሚገለገሉባቸው እንዲሆኑ ቢያዝም፣ መወጣጫው ሲሠራ በጣም ቀጥ ብሎ ይሠራል፤ ሦስት ሰው ካልገፋ ዊልቸር አይወጣውም። የጋራ መኖሪያ ቤቶቹ አሳንሰር የላቸውም፤ ፎቅ ላይ የሚኖር ሽባ የሆነ ሰው ቤቱ እስር ቤቱ ነው።

የቤት ውስጡ ማስተካከያ ግን ከሚታሰበው ይረክሳል። ግቢ ውስጥ ያለ የጋራ መጸዳጃ ቤት ለአዛውንት በሌሊት ዋነኛ የመውደቂያ ስፍራ ነው። ማንኛውም አናጢ ተራ የእንጨት ወንበር መቀመጫውን ቀዶ፣ ከሥሩ ባልዲ የሚገባበት አድርጎ ሊሠራው ይችላል፤ ከመኝታው እስከ በሩ የሚያዝ ብረት ብየዳ ቤት ይሠራል፤ መድረኩ በሲሚንቶ ሊለሰልስ ይችላል። አንድ የተሰበረ ዳሌ ከሚያመጣው ዓመት ከዓመት ወጪ ጋር ሲነጻጸር ይህ ምንም ማለት አይደለም።

ከሆስፒታሉ በር እስከ ቤቱ በር

ስትሮክ የመታው ሰው እንቅስቃሴው ጎልቶ የሚመለሰው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት፣ ቀጥሎም እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ነው። ይህ ጊዜ በብዙ ቤት «ይረፍ፣ አትነካኩት» እየተባለ ያልፋል። ጎንደር በዚህ ረገድ ከብዙ ከተሞች የተሻለ ዕድል አላት፤ በ1947 ዓ.ም. በሕዝብ ጤና ኮሌጅነት የተመሠረተው ዩኒቨርሲቲዋ ፊዚዮቴራፒስቶችን ያሠለጥናል፣ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበርም የኦኩፔሽናል ቴራፒ (ሰው የዕለት ተግባሩን ዳግም ራሱን ችሎ እንዲያከናውን የሚያግዝ ሙያ) ትምህርት ጀምሯል፣ በማኅበረሰብ ላይ የተመሠረተ የተሐድሶ ፕሮግራምም አለው። ክፍተቱ ያለው ከሆስፒታሉ በር እስከ ቤቱ በር ባለው መንገድ ላይ ነው። ቤተሰቡ የመድኃኒት ወረቀት ይዞ ይወጣል፤ በቀን ስንት ጊዜ ክንዱን እንደሚያንቀሳቅስለት፣ የትኛውን ጎን ደግፎ እንደሚያስቀምጠው፣ መቼ ተመልሶ እንደሚመጣ የሚናገር ወረቀት ግን ብዙ ጊዜ አይሰጠውም። መጠየቅ መብት ነው፤ የቤተሰቡ አንድ አባል የፊዚዮቴራፒስቱን እንቅስቃሴ በስልኩ ቪዲዮ ቀርጾ ቢወስድ ራሱ ብዙ ነው። ጸበል ለሚወስዱትም እንዲሁ፤ ሕመምተኛው የግፊትና የስኳር መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ሊጠመቅ ይችላል፣ አቋርጦ ሁለተኛ ስትሮክ የመታው ሰው ግን እንክብካቤው እጥፍ ይሆናል።

አእምሮ ሳይደክም

ከሁሉ የሚዘገየው ውይይቱ ነው። ስለ መድከም ማንሣት ሟርት ይመስላል፤ ልጅም «አባባ፣ ሲደክምዎ የት መሆን ይፈልጋሉ?» ብሎ መጠየቁን እንደ ድፍረት ያየዋል። ለቀብራቸው እድር የከፈሉ አባት ግን ይህን ጥያቄ ይፈራሉ ብዬ አላምንም። ጉዳዩ ጊዜ የማይሰጥበት አንድ ሕጋዊ ምክንያትም አለ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ወካዩ ችሎታውን ካጣ፣ በውሉ ላይ ሌላ ስምምነት ካልተጻፈ በቀር፣ ውክልናው ይቀራል። ቤት መሸጥን ለመሰለ ነገር ደግሞ ጠቅላላ ውክልና አይበቃም፣ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። የመርሳት በሽታ የጀመራቸው እናት ነገሩን መረዳት ሲያቅታቸው ልጆች ወደ ውልና ማስረጃ ቢሮጡ ዘግይተዋል፤ ያኔ የሚቀረው መንገድ ፍርድ ቤት ሄዶ ሞግዚትና አሳዳሪ ማሾም ነው። ስለዚህ የባንክ ሂሳብ፣ የጡረታ ደብተር፣ የቤት ካርታ፣ የሚወሰድ መድኃኒት ዝርዝር፣ የታመነው ሰውና የውክልናው ወሰን፣ ኑዛዜውም ጭምር፣ ወላጁ በሙሉ አእምሮው ሳለ እሱ በሚፈልገው መንገድ መጻፍ አለበት። ውሳኔው የእሱ ነው፤ ልጆች ተሰብስበው በሌለበት የሚቆርጡለት ነገር አይደለም።

በልጆቹ መካከል የሚደረገው ስምምነት ደግሞ በወረቀት ቢሰፍር የተሻለ ነው። ውጭ ያለው በየወሩ ምን ያህል እንደሚልክ፣ ከተማው ውስጥ ያለው የትኞቹን ሌሊቶች እንደሚያድር፣ የምታስታምመው ልጅ ለተወችው ሥራ ምን እንደምትካስ፣ በዓመት ስንት ሳምንት ሌላ ሰው እንደሚተካትና እንደምታርፍ በግልጽ መጻፉ ፍቅርን አይቀንስም። ያልተጻፈው ግን በኋላ ሲጠየቅ አይገኝም።

አካል ጉዳተኛ ወይም የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት ልጅ ያላቸው ወላጆች ጥያቄ ይለያል፤ ከልጃቸው ቀድመው እንደሚሞቱ ያውቃሉ። «ከእኔ በኋላ ማን አለው?» ለሚለው ብዙዎች አንዷን እኅት በልባቸው ይመርጣሉ፣ ለእሷ ግን አይነግሯትም። ልጁ ቀስ በቀስ ከእናቱ ሌላ ሰው እጅ መብላትን፣ ሌላ ቤት ማደርን እናቱ በሕይወት ሳለች ካልለመደ፣ ቀብሯ ላይ የሚደርስበት ሐዘን ሁለት ይሆናል። እዚህ ላይ ልጁ ራሱ የሚችለውን ያህል እንዲሠራ ማስተማርም የእቅዱ አካል ነው፤ ራሱን ማልበስ የተማረ ሰው ለሚቀጥለው ጧሪ ቀላል ነው።

ማዕከል ወይስ ሰፈር?

ቢኒያም በለጠ አዲስ አበባ ላይ የመሠረተው መቄዶንያ የተባለ የመርጃ ማዕከል በሺዎች የሚቆጠሩ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ከጎዳና አንሥቷል፤ ጧሪ ቀባሪ ለሌለው ሰው የዚህ ዓይነት ማዕከል አማራጭ የለውም። ይሁን እንጂ የሁሉንም አረጋዊ ጉዳይ በማዕከል መፍታት አይቻልም፣ አይገባምም፤ አብዛኛው ሰው ደብሩንና ጎረቤቱን ትቶ መሄድ አይፈልግም። የጎንደር ነባር ሀብት እድሮቿ ናቸው። የአባላት ዝርዝር፣ ወርሃዊ መዋጮ፣ ዕቃ ቤት፣ የሚታመን ገንዘብ ያዥ አላቸው። ከአንድ ሰፈር እድር ዕቃ ቤት ውስጥ ከድንኳኑ ጎን ሁለት ዊልቸርና ጥቂት የመጸዳጃ ወንበሮች ቢቀመጡ፣ ያስፈለገው አባል ተውሶ፣ ሲበቃው ይመልሳል። አባል ከ6 ወር በላይ አልጋ ላይ ከቆየ ለቤተሰቡ ከሚከፈለው የቀብር ገንዘብ ላይ የተወሰነው አስቀድሞ እንዲሰጥ ደንቡ ሊሻሻል ይችላል፤ አስታማሚዋ ገበያ ወይም ቤተ ክርስቲያን እንድትሄድ በሳምንት ግማሽ ቀን በተራ የሚቀመጥላት ሰው መመደብም እንዲሁ፤ ለሐዘንተኛ ማደር የለመደ ጎረቤት ይህን አይከብደውም። የከተማው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት መዞር ሥራቸው ስለሆነ ከእድሩ ዝርዝር ተነሥተው የአልጋ ቁስልና የግፊት ክትትል ሊያደርጉ ይችላሉ፤ የዩኒቨርሲቲው የፊዚዮቴራፒ ተማሪዎችም የተግባር ልምምዳቸው የተወሰነ ክፍል በእነዚሁ ቤቶች ቢሆን ተማሪውም ሕመምተኛውም ይጠቀማሉ።

ለዚህ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው የእድሩ ጠቅላላ ጉባኤ በሚጠራበት ቀን አጀንዳ ሆኖ እንዲያዝ አንድ አባል አስቀድሞ ለሊቀ መንበሩ ማስመዝገቡና ለመጀመሪያው ዓመት መዋጮው በአባል ስንት ብር እንደሚጨምር አስልቶ መቅረቡ ነው።